ካሜራው ከማን ጋር ይሄዳል? ወንጀልና ጀግንነት በእውነተኛ ታሪክ ፊልሞች ውስጥ

የአንድ ስመ ጥር ዘራፊ ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ሕይወት በፊልም ወይም በተከታታይ ድራማ በመጣ ቁጥር በአዳማ ካፌዎች አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት አንዱ ወገን «ፊልሙ ሌባን ጀግና አድርጎ ልጆቻችንን አበላሸ» ይላል። ሌላው «ፊልም ፊልም ነው፤ አይቶ የሚዘርፍ የለም» ሲል ይመልሳል። «እውነተኛ ታሪክ» የሚል መለያ የተለጠፈባቸው የወንጀል ትረካዎች በዩቲዩብ ከበዙ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ አዳራሽም ቪዲዮ ቤትም አያስፈልገውም፤ በየሰው ስልክ ላይ ነው የሚቀጣጠለው።

ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት ስለ ተመልካቹ ነው፦ ይበላሻል ወይስ አይበላሽም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን በዚህ ሙግት ውስጥ ጨርሶ የማይነሡ ሰዎች አሉ። የተገደለው ሰው፣ ከጥቃት የተረፈችው ሴት፣ ከሐዘኑ ገና ያልወጣው ቤተሰብ። ፊልም በተመልካች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያከራክራል። በባለታሪኮቹ ላይ የሚያደርሰው ግን በስም፣ በቀንና በፍርድ ቤት መዝገብ የሚታወቅ ነው። ውይይታችን ከዚህኛው ቢጀምር ብዙ ነገር ይጠራል ብዬ አምናለሁ።

ሽፍታውና ጀግናው አንድ ሰው ሲሆኑ

ሕግ የጣሰን ሰው ማድነቅ ከሆሊውድ የመጣ በሽታ አድርጎ የሚያወራ ሰው የራሱን ሀገር ታሪክ ዘንግቷል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት በቋራ ምድር ዱር ቤቴ ያሉ ሽፍታ ነበሩ። በዘመኑ ለነበሩት ገዢዎች ወንበዴ ናቸው፤ ለተከታዮቻቸው ግን የድሃ አለኝታ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት ደራሲዎችና የቴያትር ሰዎች የአንድነት ሕልማቸውንና የመቅደላ ሞታቸውን አጉልተው አወረሱን። የጎንደር መዘረፍና መቃጠል፣ ከመቅደላው ፍልሚያ ዋዜማ ወደ ገደል የተወረወሩት እስረኞች ታሪክ የመዘገባቸው እውነቶች ናቸው፤ በሕዝቡ ትውስታ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን ጠባብ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የበላይ ዘለቀ ሕይወት ነው። በወረራው ዘመን በጎጃም በረሃ ጣሊያንን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡ አርበኛ ነበሩ። ነጻነት ከተመለሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በዐመፅ ተፈርዶባቸው በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ዛሬ በዚያችው ከተማ በስማቸው የሚጠራ ጎዳና አለ። አንድ ፊልም ሠሪ ይህን ሕይወት በ1933 ዓ.ም. ላይ ቢያቆመው የድል ታሪክ ይወጣዋል። እስከ 1937 ዓ.ም. ቢያዘልቀው መንግሥት፣ አርበኛ፣ ባንዳና ፍትሕ የሚተራመሱበት ፍጹም ሌላ ሥራ ይሆናል። በሁለቱም አንዲት የሐሰት ትዕይንት ሳይጨምር ነው ይህ የሚሆነው። ፊልም ላይ «ዋሸ ወይስ አልዋሸም?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የማይበቃው ለዚህ ነው። መነሻና መድረሻን መምረጥ ራሱ ፍርድ ነው።

እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኤሪክ ሆብስባውም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሥራ «ማኅበራዊ ሽፍታ» የሚል ጽንሰ ሐሳብ አስተዋወቀ። ማኅበራዊ ሽፍታ ማለት መንግሥትና ባለርስት ወንጀለኛ የሚሉት፣ ገበሬው ግን የራሱ ተበቃይ አድርጎ የሚደብቀውና የሚያበላው ሰው ነው። ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ቢያገኝም ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ሆላንዳዊው አንቶን ብሎክ «ሽፍቶች ብዙውን ጊዜ ድሃውን ራሱን የሚያስፈራሩ፣ ከኃያላን ጋር የሚሻረኩ ናቸው፤ ሆብስባውም የተከተለው አፈ ታሪኩን ነው» የሚል ይዘት ያለው ሙግት አቀረበ። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠናው ዶናልድ ክራሚ ደግሞ በእኛ ሀገር ሽፍትነት በአብዛኛው የመኳንንት መንገድ እንደነበረ፣ ሹመት የተነፈገ ባላባት ለመደራደር የሚወጣበት በር እንደነበረ አሳይቷል። ለፊልም ውይይታችን የክራሚ አስተያየት ይበልጥ ይጠቅማል። ሽፍታው ሁልጊዜ የድሃ ልጅ፣ ዘረፋውም ሁልጊዜ በቀል አይደለምና።

ደግሞም ይህን ታሪክ የምናወራበት ጥንታዊ ቅርጻችን ፉከራና ቀረርቶ መሆኑን ልብ ይሏል። በፉከራ የሚናገረው ገዳዩ ነው። የጣለውን ይቆጥራል፣ ጎራውን፣ ጠመንጃውን፣ የአባቱን ስም ይጠራል። የወደቀው ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። ካሜራ ወደ ሀገራችን ሲገባ ያገኘን ይህን ወግ እንደለመድን ነው።

ርኅራኄያችን እንዴት ይዘወራል?

የእውነተኛ ሰው ሕይወትን በተዋናይ የሚያሳይ ፊልም ባዮፒክ ይባላል። ባዮፒክ ወንጀለኛን የሚያስወድደው ስብከት እየሰበከ አይደለም። መሣሪያው ቅርበት ነው።

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ጉዳይ በአንድ ቀላል ምሳሌ አስረድቷል። አንድ ሰው በሰው ክፍል ገብቶ መሳቢያ ይበረብራል። የክፍሉ ባለቤት ደረጃውን ሲወጣ ያሳዩናል። ተመልካቹ በልቡ «ቶሎ ውጣ፣ መጣብህ!» ይላል። የሚበረብረው ሌባ ቢሆንም እንኳ ይህ ጭንቀት አይለወጥም። ስሜታችን የሚከተለው ሕጉን ሳይሆን ካሜራው አብሮት የቆየውን ሰው ነው። በመዝገበ ሕግ የተበዳይ ወገን የሆነው ባለቤት በዚያች ደቂቃ የእኛ ስጋት ሆኖ አረፈው።

በዚህ ላይ የተዋናዩ መልክ፣ ሙዚቃውና የጊዜ አቆራረጡ ሲደመሩ ምን እንደሚፈጠር ለማየት እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» ጥሩ ማሳያ ነው። እውነተኞቹ ቦኒ ፓርከርና ክላይድ ባሮው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ መካከለኛና ደቡባዊ ግዛቶች ይዘርፉ ነበር። ቡድናቸው 13 ሰዎችን እንደገደለ ይታመናል፤ ዘጠኙ የሕግ አስከባሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1934 ሉዊዚያና ውስጥ ፖሊሶች አድፍጠው ገደሏቸው። ፊልሙ ሁለቱን በዋረን ቢቲና በፌይ ደነዌይ መልክ፣ በዘመኑ በተወደደ አለባበስ አቀረባቸው።

ፊልሙ ከታሪክ ጋር በግልጽ የተጋጨበት ቦታ አለ። አድፍጦ ማጥቃቱን የመራው ጡረተኛው የቴክሳስ ሬንጀር ፍራንክ ሄመር በፊልሙ ቀደም ብሎ በወንበዴዎቹ እጅ ይወድቃል፣ ይዋረዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ለመበቀል ሲል ያድናቸዋል። ይህ ፈጽሞ አልሆነም። ሄመር ሁለቱን ከማድፈጫው በፊት በአካል አግኝቷቸው አያውቅም። ሚስቱና ልጁ ፊልሙን የሠራውን ኩባንያ ከስሰው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1971 በስምምነት አለቀ። የሰውዬውን ሥራ ከግዴታ ወደ ግል ቂም የለወጠችው ያች አንዲት የፈጠራ ትዕይንት ናት።

ፊልሙ ውስጥ የሌለችው ደግሞ ይበልጥ ታሳስባለች። በ1934 የፋሲካ ዕለት ቡድኑ ከገደላቸው ሁለት ወጣት የሞተር ብስክሌት ፖሊሶች አንዱ ሠርጉ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። እጮኛው ለሠርጓ ያዘጋጀችውን ልብስ ለብሳ ቀብሩ ላይ ተገኘች። የዚያን ዘመን ጋዜጣ አንባቢ ፊቱን ከወንበዴዎቹ እንዲያዞር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ ሲኒማ የገባው ትውልድ ስለ እሷ የሰማው ነገር አልነበረም።

በአዳማ ለሚታዩት የውጭ ፊልሞች አንድ ተጨማሪ እጅ አለበት፤ እሱም የተርጓሚው ነው። በቪዲዮ ቤቶች የለመድናቸው ትርጉም ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ተራኪ ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። ተራኪው ረጅሙን ንግግር ያሳጥራል፣ ያብራራል፣ አንዳንዴም አስተያየት ይጨምራል። ተኩሱና ማሳደዱ ትርጉም ስለማይፈልግ ሙሉ በሙሉ ይደርሰናል። የወንጀለኛው ጸጸት፣ የሚስቱ ወቀሳ፣ የዳኛው ጥያቄ ግን በንግግር የተቀመጡ ናቸውና የመጀመሪያዎቹ ተቆራጮች ይሆናሉ። ስለዚህ በተሠራበት ሀገር ወንጀለኛውን የሚወቅስ ሥራ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚያሞግሰው ሊመስል ይችላል። ስለ «ባህል ወረራ» ብዙ ሲባል ይህ ተራ የሚመስል የአተረጓጎም ጉዳይ ተዘንግቶ መቆየቱ ይቆጨኛል።

ታሪኩን የሚሸጠው ማን ነው?

ፊልም ሠሪ መረጃ ይፈልጋል። የሞተ አይናገርም፤ ያዘነ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ መናገር አይሻም። በሕይወት የተረፈው ወንጀለኛ ግን ጊዜም፣ ትዝታም፣ ለመናገር ምክንያትም አለው። ገንዘቡም ወደ እሱ ይፈስሳል።

የኒውዮርክ ግዛት ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ አወጣ። ወንጀለኛ ስለ ወንጀሉ ከሚሸጠው ታሪክ የሚያገኘው ገንዘብ ተይዞ ለተጎጂዎች እንዲውል የሚያዝዝ ነበር። ሕጉ የተፈተነው ሄንሪ ሂል በተባለ የማፊያ ሰው ታሪክ ነው። ሂል ጓደኞቹን ለመንግሥት አጋልጦ በምስክር ጥበቃ ሥር ከገባ በኋላ ሕይወቱ መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1990 «ጉድፌላስ» ለተባለው ዝነኛ ፊልም መነሻ ሆነ። አሳታሚው ድርጅት ግዛቱን ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ሕጉ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ሻረው። ዳኞቹ የሰጡት ምክንያት ሊታሰብበት የሚገባ ነው፦ ሕጉ እንደተጻፈ ቢሠራ ኖሮ የቅዱስ አውግስጢኖስን ኑዛዜና የማልኮም ኤክስን ግለ ታሪክ ሳይቀር ይነካ ነበር። ሰው ስለ በደሉ መናገሩ ራሱ ዋጋ አለው። ኒውዮርክ በ2001 ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ ወንጀለኛው ገንዘብ ሲያገኝ ተጎጂዎች እንዲያውቁና በፍትሐ ብሔር እንዲከስሱ የሚያስችል ሕግ ነው። ዝም ከማሰኘት ይልቅ ተጎጂውን ወደ ጠረጴዛው መጥራት የተሻለ መፍትሔ ይመስለኛል።

ኮሎምቢያ ውስጥ ጥያቄው ወደ ጎዳና ወጥቷል። የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር እ.ኤ.አ. በ1993 ከተገደለ በኋላ፣ በተለይም ስለ እሱ የተሠሩ ተከታታይ ድራማዎች ዓለምን ካዳረሱ ወዲህ፣ በሜዴይን ከተማ የሚገኘው ሞናኮ የተባለ የመኖሪያ ሕንፃው የቱሪስቶች መጎብኛ ሆኖ ነበር። በ1989 ቡድኑ በአየር ላይ ባፈነዳው የመንገደኞች አውሮፕላን ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የከተማው አስተዳደር በ2019 ሕንፃውን አፍርሶ በቦታው ለሰለባዎች የመታሰቢያ ሥፍራ ሠራ። ድራማዎቹን አላገደም፤ የሚጎበኘውን ነገር ለወጠ።

ከአርሲ የተነሣው ጉዳይ

ይህ ሁሉ ሩቅ ለመሰለው አንባቢ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ማዶ የሆነ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ከታገተችበት ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዳት የደረሰባትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን በፈቃዷ ካገባት ክስ እንዳይቀርብበት ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው፤ በአንቀጽ 587 መሠረት ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም።

ይህ ታሪክ በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ሆኖ ወጣ፤ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫልም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የልጅቱ ስም በፊልሙ ተቀይሯል፤ የጠበቃዋ፣ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት የመዓዛ አሸናፊ ስም ግን እንዳለ ቀረበ። ፊልሙ በወጣበት በ2006 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ቦታውን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ለታዳሚው ራሱ ተናገረ። ቅሬታውን ያቀረበችው ያች ልጅ፣ አሁን ሙሉ ሴት የሆነችው፣ ነበረች፤ ሕይወቴ ሲቀረጽ አልተጠየቅኩም የሚል ነው። እግዱ ኋላ ላይ ተነሥቶ ፊልሙ በሀገር ውስጥ ታይቷል።

የፊልም ሠሪዎቹ ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ጉዳዩ በግልጽ ችሎት የታየ፣ በጋዜጣ የወጣ፣ የሀገር አጀንዳ የሆነ ነበር። ስሟን ለውጠዋል። ፊልሙም ጠለፋን ያወገዘ፣ ለብዙ ሴቶች ልጆች ድምፅ የሆነ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ስም መቀየር ከተመልካች ቢሰውርም በአካባቢው ከሚያውቋት አይሰውርም። ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። በጎ ዓላማ ያለው ፊልም እንኳ የተጎዳን ሰው የራሱን ታሪክ ባለቤትነት ዳግመኛ ሊነሣው እንደሚችል ይህ ጉዳይ በቂ ምስክር ነው። እኔ የምፈርደው ለፊልሙ ጠቀሜታም ለሴትዮዋ ቅሬታም እውቅና ሰጥቼ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። አስቀድሞ መጠየቅ ፊልሙን ምንም አያጎድልበትም ነበር።

ህንድ ውስጥ ፉላን ዴቪ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። ሽፍታ ሆና እ.ኤ.አ. በ1983 እጇን የሰጠች፣ ከዓመታት እስር በኋላ የተፈታች፣ በ1996 የፓርላማ አባል የሆነች፣ በ2001 የተገደለች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እሷ የተሠራው ፊልም የደረሰባትን መደፈር በዝርዝር ማሳየቱን ተቃውማ ፍርድ ቤት ሄዳለች፤ በኋላ በስምምነት ክሷን ተወች። በ1981 በቤህማይ መንደር ለተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች ደግሞ እሷ ገዳይ ናት። በአንድ ሕይወት ውስጥ ተበዳይም በዳይም ሲኖሩ የአንዱን ወገን እውነት ማሳየት የሌላውን መሰረዝ የማይሆንበት መንገድ መፈለግ የደራሲው ከባዱ ሥራ ነው።

ፊልም ወንጀለኛ ያፈራል?

አሁን ወደ ካፌው ክርክር እንመለስ። ጎርደን ዳልና ስቴፋኖ ዴላቪኛ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ዐመፅ የበዛባቸው ፊልሞች ብዙ ተመልካች በሚያገኙባቸው ቀናት የድብደባ ወንጀል እንደሚቀንስ አገኙ። ዋናው ምክንያት ቀላል ነው፦ ሊጣላ የሚችለው ወጣት በዚያ ምሽት መጠጥ ቤት በመሄድ ፈንታ ሲኒማ ተቀምጧል። ጥናቱ የሚናገረው ግን ስለ አጭር ጊዜ ውጤት እንጂ ለዓመታት ስለሚቀረጽ አመለካከት አይደለም። ጆርጅ ገርብነር የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ምሁር በበኩሉ ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ዓለምን ከእውነታው ይልቅ አደገኛ አድርጎ ማየት እንደሚቀናው ሲያስተምር ኖሯል። እንግዲህ «አይቶ ይዘርፋል» የሚለውም «ምንም አይነካውም» የሚለውም ከማስረጃው በላይ ይናገራሉ።

መከልከልና መጠየቅ

ክልከላ በሌሎች ሀገሮች ተሞክሯል። አውስትራሊያዊው ሽፍታ ኔድ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1880 ተሰቀለ፤ በ1906 ስለ እሱ የተሠራው ፊልም በዓለም የመጀመሪያው ረጅም የታሪክ ፊልም ተደርጎ ይቆጠራል። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የሀገሪቱ አንዳንድ ግዛቶች የሽፍታ ፊልሞችን አገዱ። ኬሊ ግን ዛሬም የሀገሪቱ ስመ ጥር ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1934 እስከ 1968 በሥራ ላይ የቆየው፣ ሃይስ ኮድ የሚባለው የፊልም ኢንዱስትሪው የሥነ ምግባር ደንብ የተመልካች ርኅራኄ ወደ ወንጀል እንዳይዘነብል ያዝዝ ነበር። ፊልም ሠሪዎች ወንጀለኛውን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች እየገደሉ ቀሪውን ሰዓት ሁሉ እንደፈለጉ አስጌጡት። ደንቡ የተቆጣጠረው ፍጻሜውን ነው፤ ካሜራው ከማን ጋር እንደሚውል አልተቆጣጠረም።

የእኛ ሕግ ሌላ መነሻ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለታወቁ ሰዎች፣ ለባለሥልጣናትና የሕዝብ ጥቅም ላለባቸው ክስተቶች ይህን ግዴታ ያነሣል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ወንጀለኛ በሥራው ይታወቃል፤ ተጎጂ ግን የሚታወቀው በደረሰበት ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ «የታወቀ ሰው» ሚዛን መስፈር ፍትሐዊ አይሆንም። ሕጉ የተጻፈውም ፎቶግራፍን አስቦ እንጂ ተዋናይ ስለሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ተጨንቆ አይደለም። ገና ያልተፈረደበትን ተጠርጣሪ ታሪክ አሳምረው ለሚተርኩ የዩቲዩብ ባለሙያዎች ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 አለ፦ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል።

ሕግ ሳይጠበቅም የሚሠራ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰዎች ሲገደሉ የዚያን ጊዜዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ጉዳዩ ፊልም ሊሠራ መሆኑ ሲነገር ግን ገዳዩን የማያጎላ ቢሆንም ተቃውሞ ገነፈለ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ነበሩና ሟቾቹና ቤተሰቦቻቸው ለሌላ ሰው ጀግንነት ጀርባ ሆኑ። አርደርን ራሳቸው ተገቢ አይደለም አሉ፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ ሥራዋን ለቀቀች፤ ዝግጅቱም ቆመ። ፊልሙን ያስቆመው ሳንሱር አይደለም፤ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ «አልተጠየቅንም» ማለቱ ነው።

በአዳማ በኦሮምኛም በአማርኛም ፊልምና የዩቲዩብ ድራማ ለሚሠሩ ወጣቶች ይህ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው። የድርሰቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ሳይቋጭ ወደ ተጎጂው ቤተሰብ መሄድ፣ ምን እንደሚቀየርና ምን እንዳለ እንደሚቀር በጽሑፍ መዋዋል፣ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የትኛው ክፍል ፈጠራ እንደሆነ መግለጽ። ቤተሰቡ እምቢ ቢልስ? ታሪኩ የሕዝብ ጉዳይ ከሆነ ፊልም ሠሪው መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ሕጉም ሊደግፈው ይችላል። ያን ጊዜ ግን እምቢታቸውን እያወቀ፣ ለምን እምቢ እንዳሉም ሰምቶ ነው የሚሠራው።